ብሩጎላ የማይደርስበት ብሎን

አሜሪካ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቀስተኞች መለማመጃ ሜዳ ጎራ ብትሉ፣ ከሚወረወረው ፍላጻ የሚፈታው ብሎን ሳይበልጥ አይቀርም። ሰውዬው አንድ ይለቃል። ፍላጻው ከዒላማው መሀል አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄዶ ይሰካል። አቋቋሙን አይመረምር፣ ጣቱን አይጠረጥር፤ እጁን ኪሱ ይከትና የብሎን መፍቻ ብሩጎላውን ያወጣል።

«ማነጣጠሪያው ተነቃንቋል» ይላል አጠገቡ ላለው። ያኛውም በሐዘኔታ ራሱን ይነቀንቃል። ምን ያድርግ፣ እሱም የራሱን እየፈታ ነው!

መቼም የያዙት ኮምፓውንድ የሚባለው ቀስት ለፈቺ የተመቸ ነው። የሚዙሪው ሆለስ ዊልበር አለን ከቀስቱ ጫፎች ላይ መዘውር ገጥሞ በ1969 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አገኘ። መዘውሩ የሚሠራው ተአምር ይህ ነው፦ አውታሩን ስትስቡ 70 ፓውንድ የሚጎትታችሁ ቀስት፣ ስባችሁ ስትጨርሱ ሸክሙን ያቀልላችኋል። ቅናሹ 80 በመቶ ከሆነ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 14 ፓውንድ ብቻ ነው። በድሮው ቀስት ክንድ ሳይዝል ቶሎ መልቀቅ ግድ ነበር። አሁን ግን ተረጋግቶ ማነጣጠር ተቻለ። ጣጣው የመጣውም ከዚሁ ነው፤ ሰው ፋታ ሲያገኝ ማሰብ ይጀምራል።

ሲያስብ ይፈራል። የማነጣጠሪያዋ ነጥብ መሀሉን ልትነካ ስትል ጣቱ ቀድሞ የአውታር መልቀቂያውን ምላጭ ይመነጭቃል። ሌላው ደግሞ ነጥቧ ከመሀል በታች ትቀርበትና ቢያባብላትም ወደ ላይ ንቅንቅ አትልም። ሙያተኞቹ የዒላማ ድንጋጤ ይሉታል። ይህን የሚያጠብቅ ብሎን የለም። እስቲ ሂዱና ንገሩት!

እሱ ቀስቱን ሊፈትሽ ወረቀት እየወጠረ ነው። ዘዴው እንኳ ደግ ዘዴ ነው፤ ወረቀቱን ፍሬም ላይ ወጥሮ፣ ሁለት ሜትር ያህል ርቆ፣ ፍላጻውን በመሀሉ ማሳለፍ ነው። ቀዳዳው ንጹሕ ከሆነ ፍላጻው ቀጥ ብሎ ወጥቷል። በጭራው በኩል ወደ ላይ ከተተረተረ ግን ወይ አውታሩ ላይ የሚሰካበት ቦታ ከፍ ብሏል፣ ወይ የፍላጻው ማረፊያ ዝቅ ብሏል። ወረቀቱ የሚያየውን ይናገራል። ሰውዬው ግን እጀታውን አንዴ እንደ ተያዘ ሌባ አንገት አንቆ፣ አንዴ ለቀቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ወረቀቱ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ይቀደዳል፤ ማረፊያውም አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ሲባል ይውላል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ቀስቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ያልነበረበትን ሕመም ሁሉ አሟልቷል።

የሚያስቀኝ ግን በእውነት መስተካከል ያለባትን አንዷን ነገር አለመንካቱ ነው። ፋብሪካዎቹ ፍጥነት የሚያስተዋውቁት አብዛኛውን ጊዜ በ30 ኢንች ስበት (አውታሩ ወደ ኋላ በሚሳብበት ርዝመት) ለክተው ነው፤ ስበቱ በረዘመ ቁጥር ፍላጻው ይፈጥናልና። ለእኛ ሰው ቁመት 28 ይበቃል። 28 ማለት ግን ማነስ መሰለው! 30 ላይ አድርጎ ወደ ኋላ ተለጥጦ ይቆማል፤ ነጥቧም ዒላማው ላይ ስትዋልል ትውላለች። ባለሱቁ «ማረጋጊያ ዘንግ ያስፈልግሃል» ይለዋል። ይገዛል። ረዘም ያለውንም ይጨምራል። ሁለት ኢንች የሚያሳጥረው ማስተካከያ እዚያው ቀስቱ ላይ ሳይነካ ተቀምጧል።

ጭራሽ ይህ ቀስት በ2028 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በድብልቅ ቡድን ውድድር እንደሚገባ ከተሰማ ወዲህ፣ ብሎን ፈቺው ሁሉ ተስፋው ለምልሟል።

እንግዲህ ከአንባቢዎቼ መካከል በዳላስም ሆነ በሜሪላንድ ይህን ቀስት የገዛ ካለ፣ አንድ ነገር ልለምነው። ስበቱን በባለሙያ በቁመቱ ያስለካ። ከዚያ ዒላማ ያልተለጠፈበት ጆንያ ፊት ጠጋ ብሎ ይቁም፣ ዓይኑን ጨፍኖ እጁ ምን እንደሚሠራ እያዳመጠ ይልቀቅ። ብሩጎላውን ደግሞ ለአንድ ወር ለጎረቤት ያውሰው።