በግሼ ራቤል የአምፖል አለዋወጥ ሥርዓት፦ የመጀመሪያ ደረጃ ጥናት

የቤት መብራትን በራስ እጅ ማሻሻል፣ ማለትም ኤሌክትሪሺያን ሳይጠሩ አሮጌውን አምፖል አውርዶ በአዲስ መተካት፣ በራቤል ለጀማሪ ከሚፈቀዱ የቤት ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው ተብሎ ይታመናል። ይህ ጥናት እምነቱ ልክ የሚሆነው አምፖሉን በተመለከተ ብቻ እንደሆነ ያሳያል።

ከአምፖል በፊት የነበረው ዋና መሣሪያ ኩራዝ ነው፤ ይኸውም ላምባ የተሞላ ቆርቆሮ ወይም ጠርሙስ ሲሆን፣ በክዳኑ ቀዳዳ የሚወጣው የጨርቅ ክር ተለኩሶ ብርሃንና ጥቀርሻ ይሰጣል። የዚያን ዘመን መብራት ማሻሻል ማለት ክሩን በመርፌ ሳብ ማድረግ ብቻ ነበር፤ ማን ኩራዙ አጠገብ እንዳመሸም ሲነጋ አፍንጫው ይመሰክር ነበር።

ቀጥሎ የመጣው ባለ ክር አምፖል ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ የሚያህለውን ወደ ሙቀት ይለውጣል። ምሁራን ይህን ብክነት ይሉታል፤ በደጋው ውርጭ ለሚያመሽ ቤተሰብ ግን ብክነትነቱ ገና አከራካሪ ነው። መብራት ኃይል በ2006 ዓ.ም. ለሁለት ተቋማት ከመከፈሉ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ባለ ክሩን እየተቀበለ ቆጣቢ አምፖል በነጻ ያድል የነበረውም ይህንኑ ብክነት ለመቀነስ ነው። ዛሬ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ የባለ 60 ዋቱን ያህል ስለሚያበራ፣ በየምሽቱ ለ4 ሰዓት የሚያመሽ አንድ አምፖል በወር ይወስደው የነበረው 7.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 1.1 ገደማ ይወርዳል።

ሥራው «በራስ» ይባል እንጂ ብዙ የሰው ኃይል ይጠይቃል። አባወራው ወንበር ላይ ይወጣል፤ አንደኛው ልጅ ወንበሩን ይይዛል፤ ሁለተኛው ማብሪያ ማጥፊያው ዘንድ ይቆማል፤ እማወራዋ አምፖሉ በየት በኩል እንደሚፈታ ከታች ሆና ታመለክታለች፤ ለቡና የመጣው ጎረቤት ደግሞ እንዲሁ ወንበር ላይ ወጥቶ ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ታሪክ ይተርካል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ብሂል አንድ አምፖል ለአምስት ሰው ምን እንደሆነ ባይወስንም፣ በራቤል ግን ሸክምም ጌጥም ሆኖ ተገኝቷል።

በዚህ ደረጃ የሚነሳው ዋነኛ የንድፈ ሐሳብ ችግር የማብሪያ ማጥፊያው ነው። መብራቱ የሚጠፋው በየትኛው ወገን ሲጫን እንደሆነ በላዩ ስላልተጻፈ፣ ከወንበር ላይ «ጠፍቷል?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ከታችም «ጠፍቷል» ተብሎ ይመለሳል። ይህን ማረጋገጥ የሚችለው ብቸኛ ማስረጃ አምፖሉ ራሱ ሲሆን፣ እሱም ተቃጥሏል። መስመሩ 220 ቮልት ስለሚሸከም፣ አስተማማኙ መፍትሔ ቆጣሪው ዘንድ ሄዶ ብሬከሩን ማውረድ ነው፤ ነገር ግን ይህ ቴሌቪዥኑንም ስለሚያጠፋ የቤተሰቡን ድምፅ አያገኝም። አዲሱ አምፖል ተጠምዝዞ በገባበት ቅጽበት መብራት ሊሄድ ስለሚችልም፣ የሙከራው ምዕራፍ ወደ ማግስቱ ይተላለፋል።

የጥናቱ ዋና ግኝት የሚታየው መብራቱ ሲመጣ ነው። አዲሱ ብርሃን ባለ ክሩም ሆነ ኩራዙ በትዕግሥት ሸፍነውት የኖሩትን ሁሉ፣ ማለትም የጠቆረውን ኮርኒስ፣ የሸረሪቱን ድርና ከምድጃው ወገን ያለውን ግድግዳ ባንዴ ስለሚያጋልጥ፣ የአንድ አምፖል ወጪ ቀለም፣ ብሩሽና የቀለም ቀቢ ዋጋ ይወልዳል። እማወራዋም ግድግዳው እስኪቀባ ድረስ እንግዳ በቀን እንጂ በማታ እንዳይጠራ ትወስናለች።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚመከረው ቅደም ተከተል ግድግዳውን ቀድሞ መቀባት፣ አምፖሉን ግን በመጨረሻ መለወጥ ነው። በተግባር የሚታየው ሌላ ነው፤ ባለ 9 ዋቱ ወርዶ በውጭው በር ላይ ይሰቀላል፣ ለሳሎኑ ባለ 3 ዋት ይገዛለታል፤ ለጠየቀም ምክንያቱ ቁጠባ እንደሆነ ይነገረዋል።