ተቆልፎ ይሆን?

ባለፈው እሑድ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መኪናዬን አቁሜ፣ ቁልፉን ከኪሴ ሳላወጣ እጀታዋን በጣቴ ነክቼ፣ እርሷም «ጢጥ» ብላ ከሸኘችኝ በኋላ፣ ገና ከቅጥሩ ሳልገባ ባለመኪና ሁሉ የሚያውቀው ያ ክፉ ጥርጣሬ ያዘኝ፤ ተቆልፎ ይሆን? በአሮጌዋ መኪናዬ ዘመን የዚህ ደዌ ፈውሱ ቀላል ነበር፤ ተመልሶ እጀታውን ሳብ ማድረግ ብቻ። ተመልሼ ሳብ አደረግሁ። ተከፈተ።

ቆለፍሁ፣ አምስት እርምጃ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ሳብሁ፤ ተከፈተ። በሦስተኛው ጊዜ መኪና የሚጠብቀው ልጅ «ጋሼ፣ ቆልፈውት ነበር እኮ፤ ምን ሆነው ነው የሚከፍቱት?» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እጀታዋ ሲነካ መኪናዋ በቀጭን ሞገድ «ማነህ?» ትላለች፤ ኪሴ ውስጥ ያለው ቁልፍም በ3 ቮልት ባትሪው «እኔ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። እንግዲህ ለሌላ ሰው መዘጋቷን ለማወቅ እኔው ራሴ ሌላ ሰው መሆን ይኖርብኛል። ሐዋርያው ቶማስ ዳስሶ አመነ፤ እኔ ግን በዳሰስሁ ቁጥር የማምነው ነገር ይፈርሳል። «ድምፅዋን እመን» የሚሉኝ አሉ፤ ዳሩ ግን ድምፅዋ አንድምታ ያሻዋል። አንድም ተቆለፍሁ ማለቷ ነው፤ አንድም የኋላ በሬ ገርበብ ብሏል ማለቷ ነው፤ አንድም ጢጥ ያለችው አጠገቧ የቆመችው የሰው መኪና ናት።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጓዳዋን ቁልፍ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ቁልፉ የመካከለኛ ጣት ያህል የረዘመ፣ ሲዞርም ቤቱን ሁሉ የሚያሰማ ስለ ነበር፣ እኛ ልጆቹ ስኳር የሚወጣበትን ሰዓት የምናውቀው በእርሱ ነው። ከቆለፈች በኋላ በሩን በትከሻዋ አንድ ጊዜ ገፋ አድርጋ፣ «እህ» ብላ ትሄዳለች፤ ያ «እህ» ከሊቃውንት ጉባኤ ውሳኔ ይልቅ የጸና ነበር። ግእዙ ቁልፍን መርኆ፣ ሲበዛም መራኁት ይለዋል፤ ለቅዱስ ጴጥሮስ የተሰጡት መራኁተ ሰማያት ብረት ይሁኑ ወርቅ አልመረመርሁም፤ ነገር ግን ያ አረጋዊ በገነት ደጃፍ ነፍሳትን አሰልፎ ባትሪ ሲለውጥ ከቶ አይታየኝም።

ከሚኒሶታ የመጣው የእኅቴ ልጅ በዚህ ይስቅብኛል። በዚያ አገር በረዶው መስታወት ላይ ሲጋገር ከመኝታ ቤት ሆኖ ሞተር ማስነሣት ትልቅ ጸጋ ነው ይላል፤ እቀበላለሁ። ይኸው ልጅ ግን በእኛ የጥቅምት ፀሐይ ከሳሎን መስኮት ሪሞቱን ተጭኖ፣ ግማሽ ቀን ተሰልፌ የቀዳሁትን ቤንዚን ለባዶ ወንበር ሲያነድልኝ ዝም አልሁ። ዝም ያላልሁት ቀጥሎ በነገረኝ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ተመራማሪዎች የመኪናውንና የቁልፉን ሞገድ በመሣሪያ ተቀብለው በማቀበል፣ ቁልፉ ከባለቤቱ ጋር ርቆ ሳለ መኪናው እንደሚከፈትና እንደሚነሣ በ8 ፋብሪካዎች 10 ዓይነት መኪኖች ላይ ፈትነው አሳይተዋል። እንግዲህ ቁልፉን በብስኩት ቆርቆሮ ክደነው ተባልሁ! ሌባው ቁልፍ ሳይኖረው መክፈት ሲቻለው፣ ቁልፉን የያዝሁት እኔ መዘጋቱን እንኳ ማረጋገጥ ካልተቻለኝ፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ያፈሰስሁት ለማን ምቾት ነው? ይህ ጥበብ አይደለም፤ በሰው ገንዘብ መቀለድ ነው።

ይሁን እንጂ እሑድ ዕለት መላ አግኝቼ ነበር። ቁልፉን ለዚያ ልጅ ሰጥቼ ሃያ እርምጃ ያህል እንዲርቅ ካደረግሁ በኋላ እጀታዋን ሳብሁ፤ እንቢ አለች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ የማላውቀው ሰው እንዳይከፍታት ለማረጋገጥ ቁልፏን ለማላውቀው ሰው መስጠቴ ትዝ እስኪለኝ ድረስ። ልጁ ግን ጨዋ ነበርና እየሮጠ መለሰልኝ። ስገባ ወንጌል ተነብቦ አልፎ ነበር።

ይህን ስጽፍ መኪናዬ ከደጄ ውጪ፣ ከግራር ዛፉ ሥር ቆማለች። በዚያ በኩል የሚያልፍ አንባቢ ቢኖር፣ ኪሱ ውስጥ የእኔ ቁልፍ የለምና፣ እባክዎን እጀታዋን አንድ ጊዜ ሳብ ያድርጉልኝ።