ሁሉ አማረሽን ኮንጋ አታምጧት

«አፕል ቺፑን ራሱ ይሠራል፤ እኛ ግን የቡና መፈልፈያ እንኳ ከውጭ እናስመጣለን!» አለኝ ወዳጄ፣ ለቁጭቱ ቡናው እየቀዘቀዘበት።

ይሠራል ያለህ ማነው? ይነድፋል እንጂ። የሚያመርትለት የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ኩባንያ እንኳ ፋብሪካውን ለባለሙያው ትቶ ንድፉን ብቻ ጓዳው አስገባ።

«ቢሆንም ከቺፕ አቅራቢው ከኢንቴል ተላቀቀ።»

ተላቀቀ፤ ስንት ዓመት እንደፈጀበትስ ቆጥረሃል? ፒኤ ሴሚ የተባለውን የቺፕ ነዳፊ የገዛው በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፤ ኤም1 የተባለውን ቺፕ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባው በ2020። የኢንቴልን የሞደም፣ ማለትም የስልክ ኔትወርክ ቺፕ፣ ክፍል በ2019 በ1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ እንኳ የራሱ ሞደም ያለበት ስልክ ለገበያ የበቃው በ2025 ነው።

«ገንዘብ ካለ ማን ይከለክላል?»

ብዛት ይከለክላል! ቺፕ ለመንደፍ 500 ሚሊዮን ዶላር ወጣ እንበል። ለ200 ሚሊዮን ስልክ ሲካፈል በስልክ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርሳል። 100 ሺህ ስልክ ብቻ ለሚሸጥ ግን 5 ሺህ ዶላር ነው፤ ያንን ስልክ ማን ይገዛል? አፕል በዓመት ከ200 ሚሊዮን በላይ ስልክ ይሸጣል። አንተስ ስንት መፈልፈያ ልትሸጥ ነው? የይርጋጨፌዋ የኮንጋ ቀበሌ መፈልፈያ እሸት ሲደርስ ሦስት አራት ወር ይሠራል፣ የቀረውን ወር ቆሞ ይከርማል።

«ሜቴክን ሞክረን ነበር እኮ።»

ሞክረን ነበር፤ ያንገበግበኛልም። የመንግሥት የብረታ ብረት ኮርፖሬሽን ሆኖ በ2002 ዓ.ም. ተቋቋመና ትራክተሩንም፣ ስኳር ፋብሪካውንም፣ የሕዳሴውን ግድብ ተርባይንም በአንድ ቤት ልሥራ አለ። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ የግድቡ ሥራ ከእጁ ወጣ። ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት! የጎዳን አገር ውስጥ መሠራቱ አይደለም፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መጨበጡ ነው። የከሰረው ደግሞ የሕዝብ ገንዘብ ነው።

«ታዲያ ኮንጋ ምንም አይሥራ ትላለህ?»

አላልኩም። ኮንጋ ላይ የተለቀመ እሸት በዚያው ዕለት መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይበላሻል። በታኅሣሥ፣ እሸቱ በጆንያ እየጎረፈ፣ የመፈልፈያው ዲስክ ቢበላ ምን ይውጥሃል? መለዋወጫው ከአዲስ አበባ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዲላ፣ ከዚያም ኮንጋ እስኪደርስ እሸቱ አይጠብቅህም። አፕልም ወደ ሞደም የገባው ከአቅራቢው ከኳልኮም ጋር ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሲጓተት ከርሞ ነው። ሌላው ሰው እጅ ላይ ሆኖ ሥራህን የሚያስቆምብህን ነገር በእጅህ አድርግ። ለኮንጋ ይህ ማለት ፋብሪካ ሳይሆን መለዋወጫ እና ጠጋኝ ነው። ዲስኩን ነቅሎ የሚያድስ ልጅ እዚያው አሠልጥን።

ሁለተኛው በእጅ የሚያዘው ጣዕሙ ነው። ገንዳው ላይ የቆመውን ሠራተኛ አይተኸዋል? የተብላላውን ቡና በመዳፉ ያሸዋል። የሚያዳልጠው ሙጫ ለቅቆ፣ ፍሬው እንደ ጠጠር መንኳኳት ሲጀምር ለመታጠብ ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ሴቶቹ ቀኑን ሙሉ እያገላበጡ የተሰበረውንና የጠቆረውን ይለቅማሉ። ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ እጅ ነው፤ ክፍያው ግን መጨረሻ የሚደርሰው ለእነዚህ ሴቶች ነው። ይህ መለወጥ አለበት።

ሦስተኛው ስሙ ነው። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ በአሜሪካ ያመለከተችው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከቡና ሻጩ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር በስሙ ላይ የተስማማችው በ2007። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥርዓት ሲመጣ የላኪው ቡና በደረጃ ተቀላቅሎ የቀበሌው ስም ጠፋ፤ በዩኒየናቸው በኩል የሚልኩ ማኅበራት ግን ስማቸውን ይዘው ዘለቁ። አዋጅ 1051/2009 ከወጣ ወዲህ ሌላውም ላኪ ከአልሚው ጋር በቀጥታ መተሳሰር ይችላል። «ኮንጋ» የሚለው ቃል ጆንያው ላይ ሲጻፍ ዋጋ አለው፤ ይህን ለማንም አትስጥ።

«ቆልተን አሽገን ብንልክስ?»

የተቆላ ቡና መዓዛው በሳምንታት ይሸሻል፤ ጥሬው ወራት ይቆያል። መጀመሪያ ለዲላና ለሐዋሳ ጠጪ ቁላ።

የማኅበር አመራሮች፣ የዘንድሮውን ትርፍ ስትደለድሉ አደራ! ከመቁያ ማሽኑ በፊት አልጋ ጨምሩ፤ የእርጥበት መለኪያና አንድ ትርፍ ዲስክ ግዙ፤ የለቃሚ ሴቶቹንም የቀን ክፍያ አሻሽሉ።