የባስ ጀልባ ፕሮፔለር አመራረጥ፣ ኪራሙ ሆኖ ሲታይ

ባስ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች የሚኖር አፈ ሰፊ አዳኝ ዓሣ ሲሆን፣ የባስ ጀልባ የሚባለው ደግሞ ይህንኑ ዓሣ ለማሳደድ ተብሎ ከፋይበርግላስ የሚሠራ፣ ርዝመቱ ስድስት ሜትር ገደማ የሆነ፣ ከኋላው እስከ 250 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የሚሰቀልበት ዝቅ ያለ ጀልባ ነው። በአዳኙና በታዳኙ መካከል ያለውን ሚዛን ለመረዳት፣ ጆርጅ ፔሪ የተባለ አጥማጅ እ.ኤ.አ. በ1932 በጆርጂያ ግዛት የያዘው፣ በ2009 በጃፓን ቢዋ ሐይቅ ከተያዘው አቻው በቀር እስከ ዛሬ የሚስተካከለው ያልተገኘው ባስ 10 ኪሎ ያህል እንደነበረ ማወቅ ይበቃል። ስለዚህ አጥማጁ የዓለምን ሪከርድ ቢይዝ እንኳ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዓሣ 25 ፈረስ አሰልፎ ዘምቷል ማለት ነው።

ይህን ያህል ጉልበት ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከዓሣው ሳይሆን ከሰዎቹ ጠባይ ነው። ሬይ ስኮት የተባለ የአላባማ የኢንሹራንስ ሻጭ እ.ኤ.አ. በ1967 በአርካንሶ ግዛት በቢቨር ሐይቅ ላይ ስመ ጥር የሆነውን የባስ ውድድር ካዘጋጀ ወዲህ፣ ዓሣ ማጥመድ ሰዓት የሚቆጠርበት ሥራ ሆኗል፤ ተወዳዳሪው ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየበረረ ዓሣ አለበት ብሎ ወደሚያምንበት ጥግ ከደረሰ በኋላ፣ ትልቁን ሞተር አጥፍቶ፣ ድምፅ በሌላት የኤሌክትሪክ ሞተር ከእግረኛ በማይፈጥን ፍጥነት እየተንፏቀቀ ቀኑን ይገፋል። ማታ ሚዛን ላይ የሚወጡት አምስት ዓሣዎች ሲሆኑ፣ እነሱም ከተመዘኑ በኋላ ነፍሳቸው ሳትወጣ ወደ ውሃው ይመለሳሉ። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር በዚያ አገር ሐይቆች ላይ ያልተነሣው ከዚህ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ኪራሙ በዚህ ነገር ምን አገባት የሚል አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። የምሥራቅ ወለጋዋ ኪራሙ በሰሜን በኩል ዓባይን ከጎጃም ጋር የምትጋራ ወረዳ ስትሆን፣ የአካባቢው አጥማጅ የሚያውቀው ቆሮሶና አምባዛን፣ የሚያጠምደውም በመንጠቆና በመረብ፣ የሚበላውም የያዘውን ነው። ሆኖም ስለ ፕሮፔለር የሚጻፈው ምክር ሁሉ ማለት ይቻላል ሞተሩ በባሕር ወለል አጠገብ ይሠራል ብሎ ስለሚነሣ፣ ምክሩ ትክክል መሆኑ የሚፈተነው በፍሎሪዳ ሳይሆን በወለጋ ነው።

ፕሮፔለር በሁለት ቁጥሮች ይታወቃል። አንደኛው ክንፎቹ ሲዞሩ ጫፋቸው የሚሠራው ክብ ስፋት፣ ማለትም ዳያሜትሩ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፒች የሚባለውና ውሃው ጠጣር ነገር ቢሆን ኖሮ ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደፊት የሚሄደው ርቀት ነው፤ ሁለቱም በኢንች ይለካሉ። ሞተሩ በደቂቃ 5,800 ጊዜ ቢዞርና ማርሹ ይህን በ1.75 ቢያካፍለው ፕሮፔለሩ በደቂቃ 3,314 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ፒቹ 25 ኢንች፣ ማለትም 63.5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ጀልባው በስሌት በሰዓት 126 ኪሎ ሜትር መሄድ ይገባዋል። ውሃ ግን ጠጣር ስላልሆነ ከዚህ ላይ የሚጎድል አለ፤ ይህም ጉድለት ስሊፕ ይባላል፣ በደንብ በተገጠመ የባስ ጀልባ ላይም 10 በመቶ ገደማ ስለሆነ የሚቀረው ፍጥነት 113 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጀልባ ወደብ ላይ የሚወራው ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ ስሊፑ ያልተቀነሰበት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ፒች በበዛ ቁጥር ፍጥነት ይበዛል ብሎ መደምደም የጀማሪ ሁሉ ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ሞተር ነዳጁ እስከ መጨረሻ ሲሰጠው ሊደርስበት የሚገባ የዙር መጠን፣ ለምሳሌ በደቂቃ ከ5,500 እስከ 6,000፣ በፋብሪካው ተወስኖለታል፤ ፒቹ ከጉልበቱ በላይ ከሆነ ግን እዚያ መድረስ አቅቶት፣ በቆሎ ጢም አድርጎ የጫነ አይሱዙ ከዓባይ በረሃ ወደ ወለጋ ደጋ በአራተኛ ማርሽ ሊወጣ ሲሞክር እንደሚያደርገው ሁሉ እያቃሰተ ይግላል፣ ፒስተኑንም ይጎዳል። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲቀነስ ሞተሩ በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ዙር ስለሚጨምር፣ ትክክለኛው ምርጫ የሚታወቀው በፍጥነት መለኪያው ሳይሆን በዙር መቁጠሪያው ነው፤ ሙከራውም መደረግ ያለበት ነዳጁ ሞልቶ፣ ዕቃው ተጭኖ፣ ሰዎቹም ተቀምጠው እንጂ ሻጩ ብቻውን በባዶ ጀልባ እየበረረ አይደለም።

የወለጋ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ለኪራሙ አጥማጅ ጀልባ ሊንሳፈፍባቸው ከሚችሉት ቅርብ ሰፊ ውሃዎች አንዱ በጎረቤት ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የሚገኘው የፊንጫ ሐይቅ ሲሆን፣ ይህ የኃይል ማመንጫ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ ሲጀምር የጮመንን ረግረግ ውጦ የተፈጠረ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተኛ ውሃ ነው። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በአየር ስለሆነና አየር ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ያህል ያጣል፤ በዚህ ስሌት 250 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር ፊንጫ ሲደርስ የሚቀረው 195 ገደማ ነው። የጎደሉት 55 ፈረሶች ጅቡቲ ወደብ ላይ ከመርከብ ሲወርዱ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ አቀበቱን ሲወጡ በየመንገዱ አንድ በአንድ የቀሩ ሲሆን፣ ጉምሩክ ግን ቀረጡን የተቀበለው በሙሉ ቁጥራቸው ነው።

በኮምፒዩተር የሚመራው አዲሱ ሞተር የነዳጁን መጠን ከሳሳው አየር ጋር ያመጣጥናል እንጂ የሌለውን አየር ሊፈጥር አይችልም፤ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ ሞተር ደግሞ ይህንንም ስለማያውቅ ነዳጅ እየበዛበት ጥቁር ጭስ ይተፋል። መድኃኒቱ ፒቹን መቀነስ ነው። በባሕር ወለል 25 ኢንች የሚስማማው ጀልባ ፊንጫ ላይ 22 ኢንች ገደማ ቢገጠምለት ሞተሩ ወደሚገባው ዙር ይመለሳል፣ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ አሥራ ሦስቱ ኪሎ ሜትር የከፍታው ግብር ስለሆነ ማንም ሊያስቀረው አይችልም። ከፍታ ሌላም ጣጣ አለው። ውሃ በደጋ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ፣ ባቄላ ለመብሰል የሚቆይበት ይኸው ምክንያት በፕሮፔለሩ ክንፍ ጀርባ ላይም ይሠራል፤ በፍጥነት የሚዞረው ክንፍ ከኋላው ግፊቱን ሲያሳሳው ቀዝቃዛው ውሃ እዚያው እየፈላ አረፋ ይሠራል፣ አረፋውም ወደ ውስጥ ሲፈነዳ ብረቱን እየቦረቦረ ይበላዋል። ይህ ካቪቴሽን የሚባለው ክስተት በደጋ ውሃ ላይ ፈጥኖ ይጀምራል።

ስለ ክንፎች ቁጥርና ቅርጽ ብዙ ተጽፏል፤ ሦስት ክንፍ ለከፍተኛ ፍጥነት፣ አራት ክንፍ ደግሞ ፈጥኖ ለመነሣት፣ የጀልባውን ጀርባ ለማንሣትና በመታጠፊያ ላይ ውሃውን ጨብጦ ለመያዝ ይመረጣል ቢባል ለብዙው ሰው በቂ ነው። ከዚህ በላይ እርግጠኛ ሆኖ የሚከራከር ባለሙያ ቢገኝ የፍራንሲስ ስሚዝን ታሪክ ማስታወስ ይገባል፤ ይህ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ከእንጨት የሠራውን ረጅም ጥምዝ ፕሮፔለር በቦይ ውሃ ላይ ሲሞክር፣ አንድ ነገር መትቶት ግማሹ ሲሰበር ጀልባዋ ቆመች ሲባል ይልቁንም ፈጠነች። የዘመናዊ ፕሮፔለር ሳይንስ ከዕድገት ደረጃዎቹ አንዱን የወጣው በስብራት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ሻጩን ትንሽ ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግራል።

የብረቱ ጉዳይ ግን ቀልድ የለውም። ስቴይንለስ ስቲል ክንፉ ቀጭን ሆኖ ስለሚሠራና ስለማይታጠፍ ፈጣን ነው፤ አብዛኛው የአሜሪካ ተወዳዳሪ የሚመርጠውም እሱን ነው። አሉሚኒየም ዝግ ያለ ሲሆን፣ ድንጋይ ሲመታ ራሱ ታጥፎ ወይም ተሰብሮ ከውስጥ ያለውን ማርሽ ያድናል፤ ስቴይንለሱ በበኩሉ አልሰበርም ብሎ ምቱን ወደ ዘንጉና ወደ ማርሹ ያስተላልፈዋል። በእርግጥ ፕሮፔለሩን ከዘንጉ የሚያገናኘው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቡሽ ለዚሁ ተብሎ ቀድሞ እንዲበጠስ የተሠራ ቢሆንም፣ ሁልጊዜ በጊዜው አይበጠስም። የተሰበረ ማርሽ መለዋወጫ ነቀምቴ ገበያ ላይ ተፈልጎ የሚገኝ ስላልሆነ፣ በወለጋ ውሃ ላይ አሉሚኒየምን መምረጥ ስስት ሳይሆን ማስተዋል ነው። ሣርም እንደዚሁ ነው፤ በጣና ላይ እምቦጭ ያደረገውን የሰማ ሰው፣ ረግረግ በነበረ ሐይቅ ላይ ሲሄድ ከፕሮፔለሩ ላይ ሥር የሚመለምልበት ቢላዋ መያዝ አለበት። እምቦጭ ለፈረስ ጉልበት አይሰግድም።

ነዳጅን ያላነሣ ምርጫ ሙሉ አይሆንም። ባለ 250 ፈረሱ ሞተር እስከ መጨረሻ ሲከፈት በሰዓት ከ80 ሊትር በላይ ቤንዚን ይጠጣል፤ ቤንዚን በሃይላንድ ላስቲክ በሚቸረቸርበት ከተማ ይህ ከ40 በላይ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ስለሆነ፣ አጥማጁ ወደ ሐይቁ ከመሄዱ በፊት ግማሽ ቀን ላስቲክ ሲያጋባ ይውላል። ትክክለኛ ፕሮፔለር ይህን ወጪ ይቀንሰዋል እንጂ አያስወግደውም።

የቀረው ዓባይ ራሱ ነው፤ በኪራሙ ግርጌ የሚያልፈው ዓባይ በጀልባ ያልተሞከረ አይደለም። ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ባለጸጋ እ.ኤ.አ. በ1903 በብረት ጀልባዎች ልውረድ ብሎ ብዙም ሳይርቅ ጀልባዎቹ ተሰባብረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ በብላሽፎርድ-ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ሠራዊት ጉዞ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ፣ ሞተር በተሰቀለላቸው ጀልባዎችና በጎማ ጀልባዎች ወንዙን ሲወርድ ከአባላቱ አንዱ ሰጥሞ ሞቷል። ከኪራሙ በላይ ካለው የሸፋርታክ ድልድይ ወደ ሱዳን ጠረፍ የሚወርድ ጀልባ ሁሉ በኪራሙ ሥር ስለሚያልፍ፣ ወረዳዋ የጀልባ ታሪክ የላትም ሊባል አይችልም፤ ታሪኩ ግን የፕሮፔለር ድል አይደለም። የክረምቱ ደለል የሞተሩን የማቀዝቀዣ ፓምፕ ይፍቀዋል፣ ድንጋዩ ክንፉን ያጥፈዋል፣ አዞውና ጉማሬውም ፒች ስንት ነው ብለው አይጠይቁም።

እንግዲህ ለፊንጫ ባለ አራት ክንፍ አሉሚኒየም፣ ከፋብሪካው ምክር በሦስት ኢንች ያነሰ ፒች፣ አንድ ትርፍ ፕሮፔለርና የብሎኑ መፍቻ በቂ ነው፤ በኪራሙ ግርጌ ላለው ዓባይ የሚስማማ ፕሮፔለር ግን ስለሌለ፣ ወደ ጎጃም መሻገር የሚፈልግ ሰው በነቀምቴ–ቡሬ መንገድ ላይ ባለው ድልድይ ይሻገር። ፕሮፔለር የሚያዝ አንባቢም በማዘዣው ወረቀት ላይ ከፈረስ ጉልበቱ አስቀድሞ የሐይቁን ከፍታ በሜትር ይጻፍ፤ ሻጩ ይህን ቁጥር አይቶ ምንም ካልጠየቀ ሌላ ሻጭ ይፈልግ።