ጠያቂ አያሳጣችሁ

አሜሪካ የሚኖር ሰው ጠያቂ የለኝም ብሎ ሲያማርር ብትሰሙ አትመኑት። አንድ ቀን መኪና መሸጫ ጎራ ይበልና የፋይናንሱ ሰውዬ ፊት ይቀመጥ። ሰውዬው ፈገግ ብሎ ስክሪኑን ያዞርለታል፤ «እዚህ ጋ ብቻ ፈርምልኝ፣ የትኛው ባንክ እንደሚሻልህ ልይልህ።» ይፈርማል። ከሳምንት በኋላ የክሬዲት ሪፖርቱን ሲያወጣ፣ አንዱ ከዩታ ሌላው ከደላዌር፣ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቃቸው አበዳሪዎች ተሰልፈው ስለ እሱ ሲጠይቁ ሰንብተዋል። የገዛ ወንድሙ እንኳ የሚደውለው በዓመት በዓል ነው።

ለመኪና ብድር በአንድ ሰሞን የተጠየቀውን የክሬዲት ነጥብ ሰጪው ፋይኮ እንደ አንድ ይቆጥርለታል፤ አይጨክንም። ጭራሽ ባላመለከተው የክሬዲት ካርድ ሰበብ የገባው ጠያቂ ግን ለብቻው ይቆጠራል። ሪፖርቱ ላይ ሁለት ዓመት ይቀመጣል፤ ነጥብ የሚነካው አንዱን ዓመት ነው፤ ያውም ለአብዛኛው ሰው ከአምስት ነጥብ በታች። በአምስት ነጥብ ደግሞ ጨዋ ሰው ይካሰሳል?

ጥፋቱ በ1970 የወጣው፣ በኋላም የተሻሻለው የክሬዲት ሪፖርት ሕግ ነው። ያለ ሕጋዊ ምክንያት የሰው የክሬዲት ፋይል አይከፈትም አለ። እያወቀ የጣሰ ከ100 እስከ 1,000 ዶላር ይክፈል አለ። ቅሬታ የቀረበለት የክሬዲት ቢሮ በ30 ቀን ውስጥ ያጣራ አለ። የኛ ሰው ይህን አንብቦ ልቡ ያብጥና «ይህንን ጠያቂ አላውቀውም» ብሎ ይጽፋል። ቢሮውም ያጣራል። «መዝገባችንን አይተናል፤ ጥያቄው በእርግጥ ተደርጓል፤ ስለዚህ መረጃው ትክክል ነው። መደረግ ነበረበት ወይ ለሚለው ጠያቂውን ጠይቅ» የሚል መልስ ይደርሰዋል። ከዚህ በላይ ምን ይጣራ?

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን አሜሪካኖቹም ስለሚያውቁ ክላስ አክሽን የሚሉት የጋራ ክስ አላቸው። ደግነቱ ውሉን የሚያዘጋጁት ኩባንያዎችም ያውቃሉ። ማንም በማያነበው በዚያ በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ «ከሌላ ሰው ጋር ተባብሬ አልከስም፤ ቅሬታዬን ብቻዬን በግልግል እጨርሳለሁ» የሚል ቃል አስገብተው ያስፈርሙናል። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህን አጸደቀ። በነፃ ይሰጣል በተባለ ስልክ ላይ 30.22 ዶላር ታክስ የተጠየቁ ባልና ሚስት የጋራ ክስ ቢያነሱ፣ ውላችሁ ይከበር ተባሉ። ለ30 ዶላር ብቻውን የሚሟገት ሰው ካለ እሱ መቼም ጤነኛ አይደለም።

በ2017 የተጠቃሚዎች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ይህን ዓይነት ውል የሚያግድ ደንብ አወጣ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ኤክዊፋክስ የተባለው የክሬዲት ቢሮ የ143 ሚሊዮን ሰው መረጃ መሰረቁን ይፋ አደረገ። ሴኔቱም ነገሩን በጥሞና ተመለከተና በኦክቶበር ደንቡን ሻረው። ድምፁ 50 ለ50 ሆኖ ነበር፤ ምክትል ፕሬዚዳንት ማይክ ፔንስ ገብተው ገላገሉን።

ይህን ሁሉ አልፎ ዳኛ ፊት የደረሰ ሰው ደግሞ «ጉዳትህን አሳይ» ይባላል። ራሚሬዝ የተባለ ሰው በ2011 ካሊፎርኒያ፣ ደብሊን ከተማ ኒሳን ሊገዛ ሄደ። ሻጩ ሪፖርቱን ቢያስመጣ ስሙ ከአሸባሪዎችና ከአደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ዝርዝር ጋር ይመሳሰላል የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ። መኪናውን ሚስቱ ገዛች። ሪፖርቱን ያወጣው የክሬዲት ቢሮ ትራንስዩኒየን ያመሳከረው ስምና የቤተሰብ ስም ብቻ ነበር፤ የልደት ቀን እንኳ አላየም። (ከነአባታችን ስም ሁለት ቃል ብቻ ይዘን የምንዞር እኛ፣ ከተማው በስመ ሞክሼ የሞላብን፣ ይህን ስንሰማ ባንስቅ ጥሩ ነው።) 8,185 ሰዎች ተባብረው ከሰሱ፤ ጁሪው ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረደላቸው።

በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ 6,332ቱን ከካሳው አስወጣቸው። ስማቸው ላይ የአሸባሪነት ምልክት መለጠፉ አልተካደም፤ ግን ክሱ በሚመለከታቸው ሰባት ወራት ሪፖርታቸው ለማንም አልተላከም። ዳኛ ካቫና እንዳስረዱት፣ ስም የሚያጠፋ ደብዳቤ ጽፎ መሳቢያው ውስጥ እንዳስቀመጠ ሰው ነው። ዕድለኞቹ የቀሩት 1,853 ናቸው፤ የእነሱ ደብዳቤ ተልኳል። እንግዲህ ካሳ የሚሻ ሰው፣ ስሙ በሐሰት መጥፋቱ ብቻ በቂ አይደለምና፣ ለመኪና ሻጭ እንዲነገርለት ይሳል።

ደስታችንን ያደፈረሱት ዳኛ ክላረንስ ቶማስ ናቸው። በተቃውሞ ሐሳባቸው የግርጌ ማስታወሻ፣ ይህ ድል ለትራንስዩኒየን ኪሳራ ሊሆን ይችላል አሉ፤ ከፌዴራል ፍርድ ቤት የተባረረው ክስ ሕጉ እንዳለ ስለሆነ ወደ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ይሄዳልና፤ እዚያ ደግሞ ኩባንያው ወደ ፌዴራል ልውሰደው ማለት አይችልም። ማስታወሻውን የከሳሽ ጠበቆች ሳያነቡት አልቀሩም።