አራት ሰዓት ቆሜ ያየሁት ጭራ

ልጄ የምትኖረው ፍሎረንስ ነው። ልጠይቃት ብሄድ «አባዬ፣ አንተ ፈረስ ትወድ የለ? ሲዬና ወስጄ ፓሊዮን፣ የፈረስ ሩጫውን፣ ላሳይህ» አለችኝ። ቀኑን ብጠይቃት ኦገስት 16። በጣቴ ቆጠርኩ፤ ነሐሴ 10። «ልጄ፣ በፍልሰታ?» ብላት፣ «በዓሉም እኮ የእመቤታችን ነው፤ የሚሮጠው ለዕርገቷ ክብር ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ። እነሱ ግን ዕርገቷን በዋዜማው አክብረው፣ በልተው ጠጥተው ጨርሰዋል። እኔ ገና ስድስት ቀን ይቀረኛል።

ጠዋት ከተማ ማየት ነው ተባለ። ሲዬና ለወጣት ጉልበት የተሠራች ዳገት ናት። ካቴድራሉ በጥቁርና በነጭ እብነ በረድ እንደ ሜዳ አህያ ተዥጎርጉሯል፤ ያምራል፣ አልዋሽም። ጎኑ ላይ ጣሪያ የሌለው ትልቅ ግድግዳ ተገትሯል። ቤተ ክርስቲያኑን እናስፋ ብለው ጀምረው ሳለ እ.ኤ.አ. በ1348 ወረርሽኝ መጣና ሕዝቡን ፈጀው፤ ግድግዳው እንደቆመ ቀረ። ቀኑን ሙሉ ሳላጉረመርም የቆምኩት እዚያ ብቻ ነው። ወዲያው የልጅ ልጄ የደወሉ ግንብ ላይ እንውጣ አለ። ወደ 400 ደረጃ! ግንቡ «ማንጃ» ይባላል፤ ገንዘቡን በልቶ የሚጨርስ የደወል ደዋይ ቅጽል ስም ነው አሉ። ጉልበቴን ደግሞ ለሱ አልገብርም ብዬ ታች ቀረሁ።

ለመንገደኛ ይፈቀዳል ብዬ ሰባት ሰዓት ላይ ዳቦ በቲማቲም ቀመስኩ። ዳቦው ጨው የለውም። ጋጋሪው ረስቶት መስሎኝ ልነግረው ስል፣ የቶስካና ሰው ዳቦ ላይ ጨው አይጨምርም አሉኝ። ይሁን፣ ዳቦውም ከኔ ጋር ይጹም።

ከተማዋ 17 ሰፈር አላት፤ ዝይ፣ ኤሊ፣ አባ ጨጓሬ፣ ቀንድ አውጣ እያሉ ይጠሯቸዋል። በቀንድ አውጣ ስም ፈረስ ሲሮጥ አስቡት! ብዙ ዓመት ሳያሸንፍ የቆየው ሰፈር ደግሞ «ኖና» ይባላል፣ ሴት አያት። ሽንፈትን ከእርጅና ጋር ማን አዛመደው? በየጊዜው የሚሮጡት አሥሩ ናቸው፤ የየሰፈሩ ፈረስ ከመሮጡ በፊት ጸሎት ቤት ገብቶ ይባረካል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጫማዬን አውልቄ የምገባበትን ቤት፣ ፈረስ ከነብረት ጫማው! ቄሱ «ሂድ፣ አሸንፈህ ተመለስ» ይለዋል። ውስጥ ፋንድያ ከጣለማ ገድ ነው ብለው ይፈነድቃሉ።

ከዚያ ሩጫው ወደሚካሄድበት አደባባይ፣ ወደ ፒያሳ ዴል ካምፖ፣ ገባን። መሐሉ በነጻ ነው፤ ነጻ የሆነው ወንበርም ሽንት ቤትም ስለሌለው ይመስለኛል። መጀመሪያ ሰልፍ ነው፤ ሰንደቅ ወደ ሰማይ ይወረውራሉ፣ ይቀልባሉ፣ እንደገና ይወረውራሉ፤ ሁለት ሰዓት ያህል። መጨረሻ ላይ በሬዎች የሚጎትቱት ሠረገላ ሽልማቱን ይዞ ብቅ አለ። ሽልማቱ ሥዕል ያለበት የሐር ጨርቅ ነው። ራሳቸውም «ቼንቾ» ይሉታል፣ ቡትቶ ማለት ነው።

እኔ የእንጅባራ ሰው ነኝ። በኛ ዘንድ ጥር 23 ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኛ ሲወጣ ፈረሱ እንደ ሙሽራ ያጌጣል። እዚህ ኮርቻ የለ፣ እርካብ የለ። ጋላቢው ቅጥረኛ ነው፤ ሰፈርና ሰፈር በገንዘብ ቢሻረክ ነውር የለውም። የኛ በዓል ዓድዋ ለዘመቱት ፈረሶችም መታሰቢያ መሆኑን አጠገቤ ለቆመው ሽማግሌ ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ልጄ «ይህን አልተረጉምም» አለች።

ምሽት 1 ሰዓት አለፈ። ዘጠኙ ፈረሶች ገመድ መሐል ተሰለፉ። አሥረኛው ከኋላ ሆኖ ሲያሻው ነው የሚገባው፤ እሱ ካልገባ ሩጫ የለም። ያ ሰውዬ አላሻውም። ፈረሶቹ ተራገጡ፣ ወጡ፣ እንደገና ተሰለፉ። እኔም ጉልበቴ ሲከዳኝ ጡቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

ይኼኔ ጩኸት ተነሳ። ሺህ እግር ከፊቴ ተገተረ። ልነሳ ብል ጉልበቴ እምቢ አለ። «ያዙኝ እንጂ!» ብል ማን ይሰማል? ሩጫው ሦስት ዙር ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ደቂቃ ከሩብ ብዙ አያልፍም። ሁለት ጎረምሶች በብብቴ ይዘው ሲያነሱኝ፣ በሰው ትከሻ መሐል አንድ ዳማ ፈረስ አለፈ። ጋላቢ የለውም። ሳን ማርቲኖ መታጠፊያ ላይ ግድግዳውን ፍራሽ ያለበሱት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ልጓሙ አንገቱ ላይ እየተንገላታ፣ ጆሮውን ወደ ፊት አቁሞ፣ ማንም ሳይመታው ይሮጣል። ቀጥሎ ጭራው። ከዚያ ሰው ብቻ።

ማን አሸነፈ ብል የቀኙም ያለቅሳል፣ የግራውም ያለቅሳል። የልጅ ልጄ ቀርጬዋለሁ ብሎ ስልኩን ሰጠኝ፤ የአንዲት ሴት ባርኔጣ ነው የቀረጸው። ጋላቢ የሌለው ፈረስ ቀድሞ ቢገባም ድሉ ይጸድቃል ሲሉኝ ግን፣ እስከ ፍሎረንስ ድረስ ልጁን አላስተኛሁትም። «ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው? መታጠፊያው ላይ በየት በኩል ነው የገባው?»

ልጄ መሪዋን ይዛ ሳቀች። «አባዬ፣ ለሚመጣው ዓመት በረንዳ እንከራይ?»

«ስንት ነው?»

«ለአንድ ሰው በመቶ የሚቆጠር ዩሮ።»

«እሱን ተይው። ከጾም ውጭ የሚሮጡበት ቀን የለም?»

«አለ እንጂ፣ ጁላይ 2።»

ጣቴን አወጣሁ። ሰኔ 25። የሰኔ ጾም።