ባሕር ዛፉ ከየት መጣ?

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ታሪካዊ ልቦለድ ተጥዶ ይንተከተካል፤ አንዱ መቅደላ፣ አንዱ ዓድዋ፣ አንዱ የእቴጌ ምንትዋብ ጎንደር። ወጡ ሦስት፣ ማማሰያው አንድ። ለዚህ ነው መሰለኝ ባለፈው ሳምንት የምንትዋብን ደንገጡር ስለ ሚያዝያ 1860 ስትጨነቅ ያገኘኋት። ምስኪን፣ መቶ ዓመት ቀድማ!

ዋናው ገጸ ባሕርዬ ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ሲጎትት የ20 ዓመት ጎረምሳ ነበር። ለዓድዋ ሌላ ሰው ከምፈጥር እሱኑ ልውሰድ ብዬ ባሰላው፣ በ1888 ዕድሜው 48 ሆነ። ይዝመት አልኩ፤ ወረቀት ላይ ጉልበት አያምም። ሚስቱን ግን መቅደላ ረስቻታለሁ። 28 ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ እንጀራ እየጋገረች ነው።

ረቂቁን ያነበቡልኝ አንድ ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁና፣ “ልጄ፣ ጀግናህ መቅደላ ላይ የተደበቀበት ባሕር ዛፍ ከየት መጣ? ባሕር ዛፍ የገባው በምኒልክ ዘመን አይደለም እንዴ?” አሉኝ።

“ወይራ አደርገዋለሁ ጋሼ።”

“እሺ፣ ወይራ ይሁን። ለመሆኑ ለምን ይደበቃል? ምን ፈርቶ?”

ይኼን ዓይነት ጥያቄ ማን እንዳስተማራቸው እንጃ! ሰውየው ጎፈሬ አለው፣ ጋሻ አለው፣ ጦር አለው፤ ምክንያት ደግሞ ምን ሊያደርግለት?

ብቻ ተናድጄ አራተኛውን ጀመርኩ። ስለ ዐፄ ፋሲለደስ ነው። እስካሁን ርእስ የለውም፤ የምረቃው የጥሪ ካርድ ግን ታትሟል።